በካሊፎርኒያ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር መሆን፦ ሕጉ ምን ያህል በር ይከፍታል?

ጤና ይስጥልኝ። በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ፣ በኢትዮጵያ በስፖርት ሳይንስ ተመርቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ አሁን ከቤተሰብዎ ጋር ሎስ አንጀለስ ይኖራሉ። የልጅዎ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንደሌለው ሲያዩ፣ ሕጉ ትምህርቱን ካዘዘ መምህሩ ለምን አልተቀጠረም፣ እርስዎስ በሙያዎ መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። መቀጠል ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ሕጉ የሚያዘውንና የማያዘውን ለይተው ማወቅ ይኖርብዎታል።

በአሜሪካ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን በመላ አገሪቱ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሚወስነው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በየ10 የትምህርት ቀኑ ቢያንስ 200 ደቂቃ፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ደግሞ 400 ደቂቃ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የአንደኛ ደረጃው ድንጋጌ የዕረፍትና የምሳ ሰዓት በዚህ ውስጥ እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል። ሆኖም በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በዘርፉ የሠለጠነ መምህር እንዲሰጠው አያስገድድም። ስለዚህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ንባብ የምታስተምረው የክፍል መምህርት ራሷ ልጆቹን ወደ ሜዳ ታወጣለች፤ የልጅዎ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ያልቀጠረውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ደቂቃው ተሟላ ማለት ልጁ ተንቀሳቀሰ ማለት እንዳልሆነ እርስዎ በሙያዎ ያውቁታል። 200 ደቂቃ በ10 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ደቂቃ ነው፤ ይህም ከ6 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቀን ከሚመከረው 60 ደቂቃ ሲሶው ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ስም ጥሪው፣ መሰለፉና ኳስ እስኪደርስ ተራ መጠበቁ ይቀነሳል። ያም ሆኖ ሕጉ ከንቱ ነው አልልም፤ የሚከታተለው ሰው ሲኖር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአልባኒ ትምህርት ዲስትሪክት (የአካባቢውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሚያስተዳድረው አካል) ላይ በቀረበ ክስ፣ 200 ደቂቃው ግዴታ እንጂ ምክር እንዳልሆነ ወስኗል፤ በርካታ ዲስትሪክቶችም በኋላ ተከሰው መምህራኑ የሰጡትን ደቂቃ በጽሑፍ እንዲመዘግቡ ተስማምተዋል። በአንጻሩ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 በየቀኑ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት በሳምንት ወደ 3 ቀን ዝቅ ማድረግ እንዲቻል ሕጉን ለውጧል፤ ክፍለ ጊዜ የሚቀንስ እንዲህ ያለ ለውጥ የመምህሩንም እንጀራ ስለሚነካ፣ በዚህ ሙያ የሚሰማራ ሰው ሕጉን ዘወትር ሊከታተል ይገባል።

እኔ የምመክርዎ ከ7ኛ ክፍል በላይ እንዲያነጣጥሩ ነው፤ እዚያ ሰዓቱ እጥፍ ነው፣ የሚቀጠረውም በትምህርቱ የማስተማር ፈቃድ ያለው ሰው ነው። በመጀመሪያ ዲግሪዎን የክፍለ ግዛቱ የመምህራን ፈቃድ ሰጪ ኮሚሽን በሚቀበለው ድርጅት የአቻ ግመታ ያሠሩለት፤ ቀጥሎ ኮሚሽኑ ያጸደቀውን የመምህራን ሥልጠና የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ያነጋግሩ። ሥልጠናው ጊዜ ስለሚወስድ፣ ግመታው ዲግሪዎን ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ እኩል ካደረገልዎ የተተኪ መምህርነት (መደበኛው መምህር በማይኖርበት ቀን ተክቶ የማስተማር) ፈቃድ አውጥተው ከወዲሁ ትምህርት ቤቶቹን ከውስጥ ቢያውቋቸው መልካም ነው። ቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ፣ ነገር ግን በራሳቸው የሚተዳደሩ) በእነዚህ የደቂቃ ድንጋጌዎች ስለማይገደዱ፣ እዚያ ሲያመለክቱ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳላቸው ይጠይቁ።

ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ በአገር ቤት ያካበቱትን ልምድ አያሳንሱት። ብዙ ተማሪና ጥቂት ኳስ ይዞ ያስተማረ ሰው፣ ክፍሉን በቡድን ከፍሎ አንዱ ሲቀባበል ሌላው ገመድ እንዲዘል፣ ሦስተኛው በአጭር ርቀት እንዲሮጥ ማድረግን ያውቃል፤ ማንም ቆሞ ተራ አይጠብቅም። ይህን በአንድ ገጽ የትምህርት ዕቅድ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ደቂቃ እንደሚንቀሳቀስ ጭምር ጽፈው ይዘው ይግቡ።