እጆቹን አሳዩን

ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ በስልክ የቀረጻችሁትን ፊልም ይዛችሁልኝ ስትመጡ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር አባትና ልጅ የሚጣሉበትን ማለቴ ነው። «አቦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገሩን» ስትሉኝ ዝም አልኩ። አስቤበት ልመልስላችሁ ብዬ ነው። ፊልማችሁ ቆንጆ ነው፤ ወሬ ግን በዝቶበታል። አባትየው መናደዱን ፊቱ ላይ አይቼ ሳልጨርስ «ተናድጃለሁ» ይለኛል።

እንደምታውቁት እዚሁ ድሬዳዋ ፊልም አጫዋች ሆኜ ነው ያረጀሁት። የምንሠራው በሁለት ማሽን ነበር። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል ሸራው ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ፣ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ያኔ ሌላውን ማሽን ማስነሳት ነው። ያቺን ምልክት የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ከሸራው አይነቅልም። ስለዚህ አንዱን ፊልም ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ አይቻለሁ። ሃያ ጊዜ ስታዩት ንግግሩ ይሰለቻችኋል። የማይሰለቸው ፊትና እጅ ነው።

«ሾሌ»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የህንድ ፊልም ነው፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል። አዳራሹ ውስጥ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው አለ። ሂንዲ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። የባቡሩ ውጊያ ሲመጣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ከወንበራቸው ይነሱ ነበር። አንድ ምሽት መሀል ላይ ድምፁ ጠፋብኝ። ፉጨቱ አይጣል ነው! እኔ ማሽኑ ሥር ተንበርክኬ ሽቦ እነካካለሁ። ድንገት ፉጨቱ ቀጥ አለ። በመስኮቷ ባይ፣ ታኩር የሚባለው ሰውዬ ሁልጊዜ የሚደርበው ሻል ወድቋል። ለካ እጅ የለውም። ሽፍታው ጋባር ሲንግ ቆርጦታል። ያን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘው አንዲት ቃል ሳይሰማ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ፊልም የማይበት ዓይኔ ተለወጠ።

የቻርሊ ቻፕሊንን «ሲቲ ላይትስ» ፈልጋችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1931 ሲወጣ ፊልም መናገር ከጀመረ ቆይቷል። ቻፕሊን ግን ገጸ ባሕርያቱን አላናገራቸውም። ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ ታክማ ማየት ችላለች፤ ያሳከማት ማን እንደሆነ አታውቅም። ለምስኪን መንገደኛ ሳንቲም ልትሰጥ እጁን ትይዛለች። በእጁ ታውቀዋለች። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ዛሬም እንባዬ ይመጣል።

የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1948 ፊልም ነው። አባትየውን ሆኖ የሠራው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሚስቱ ለሥራ የሚያስፈልገውን ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላቸውን ታስይዛለች። ብስክሌቱ ይሰረቃል። መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ሊሰርቅ ሲል ልጁ ፊት ይያዛል። ልጁ ምን አለ? ምንም። የአባቱን እጅ ያዘ። እናንተም የቀረጻችሁት የአባትና ልጅ ታሪክ ስለሆነ ይህን ሁለት ጊዜ እዩት።

 

ወሬ ያለበት ፊልም ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» 12 ሰዎች አንድ ተከሳሽ ጥፋተኛ ነው አይደለም እያሉ ከሞላ ጎደል አንድ ክፍል ውስጥ ሲከራከሩ የሚያልቅ ነው። እዚያ ንግግሩ ራሱ ግብግቡ ነው። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዱ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚሰካትን ሴንጢ ነው።

የኛው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ስልካችሁ ላይ እያሳለፋችሁ አትዩብኝ፣ አደራ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀስ ይላል። የጭሰኛው ድካም የሚገባችሁ እሱ በሚሄድበት ፍጥነት ስትሄዱ ነው።

አሁን ወደ ፊልማችሁ። አባትየው እየጮኸ የልጁን ሸሚዝ የሚያጥፍባት ቦታ አለች፤ ሦስት ሰከንድ እንኳ አትሞላም። ጩኸቱን አውጡና እጁን ብቻ አሳዩን። አጥፎ እስኪጨርስ አትቁረጡት። ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ይዛችሁልኝ ኑ።