«የላኩልኝን ነው የላክሁት»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ለገጣፎ ነው። ለሴቶች ልጆች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ከትምህርት ቤት ተላከልኝ። በዚያው ሰሞን በጽዋ ማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን «ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው» የሚል የድምፅ መልእክት ደርሶኝ ስለነበር ፈርቼ የ13 ዓመት ልጄን ከለከልሁ። መልእክቱንም ለጎረቤቶቼ ላክሁ። አሁን አንዲት ጎረቤቴ በእኔ ምክንያት ልጇን እንዳላስከተበች ነገረችኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል? እኔ የላኩልኝን ነው የላክሁት።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ስለ ክትባቱ በአጭሩ ልመልስና ወደ መጨረሻው ቃልሽ እመለሳለሁ።

ክትባቱ በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረ ነው። የሚከላከለው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለውን ቫይረስ ሲሆን፣ የማኅፀን በር ካንሰር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሣው ከዚሁ ቫይረስ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛውም ይኸው ነው። ክትባቱ አያመክንም፤ ማኅፀን የሚያሳጣስ ካንሰሩ ነው። «ልጄ ንጽሕት ናት፣ ምን ያደርግላታል?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። የሚጠቅመው ቫይረሱ ሳያገኛት አስቀድሞ ሲሰጥ ነው፤ በድንግልና ተክሊል የደፋችም ከባሏ ልትያዝ ትችላለች። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ተናግሯል። ጠበልንና መድኃኒትን የሚያጣላ አስተማሪ ከገጠመሽ ወደ እኔ ላኪው።

አሁን ወደዚያች ቃል። «የላኩልኝን ነው የላክሁት» ስትባል በዚህ አገልግሎት ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት! ሐሜተኛም «የሰማሁትን ነው ያወራሁት» ይላል። ሰው ውሸት መፍጠር እንጂ ውሸት ማድረስ የሚያስጠይቀው አይመስለውም። በዘጸአት 23፥1 የተጻፈው ግን «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» የሚል ነው። አስተውዪ፤ ሕጉ የያዘው ወሬውን የፈጠረውን ሳይሆን የተቀበለውን ነው። ወሬን ወሬ የሚያደርገው ተቀባይ ነዋ።

በቅርቡ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ የመሰለ መልእክት ስልኳን ከጆሮዬ አስጠግታ አሰማችኝ። ተናጋሪዋ «በስመ አብ» ብላ ጀመረች። ነርስ ነኝ አለች፤ ስሟን ግን አልተናገረችም፣ የምትሠራበትንም አልጠቀሰች። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል። ሦስት ደቂቃ ያህል እያለቀሰች ተናገረችና «ይህን ለ10 ሰው ያላደረሰ የእነዚህ ልጆች ዕዳ በእርሱ ላይ ነው» ብላ ዘጋች። ያሰማችኝ እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «በስመ አብ ብላ ጀምራ እንዴት ትዋሻለች?» አለችኝ። ልጄ፣ ሰይጣንም ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶለታል።

«ለ10 ሰው አድርሱ» የሚለው ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ልጅ ሳለሁ «ይህን ለ7 ሰው ገልብጦ ያልላከ መቅሠፍት ያገኘዋል» የሚል ደብዳቤ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። እኔም በኩራዝ ብርሃን ተቀምጬ ገልብጫለሁ። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ዛለና ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሣ ምንም አልሆንሁም። እጅ ይደክም ስለነበር ሰው ለማሰብ ጊዜ ያገኝ ነበር። የዛሬው አውራ ጣት አይደክምም።

ደግሞ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያመንሽው ማንን ነው? ነርሷን አይደለም፤ አታውቂያትማ። ያመንሽው መልእክቱን የላከችልሽን የማኅበርሽን እናት ነው። እርሷም ያመነችው የላከላትን ሰው ነው። ጎረቤትሽ ደግሞ አንቺን አመነች። ሁሉም የቅርቡን ሰው አምኖ ተቀበለ፤ የመጀመሪያዋን ሴት ያየ ግን አንድም የለም። ሐሰተኛ ወሬ የሚሄደው በእውነተኛ ፍቅር ላይ ተሳፍሮ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

«ያመክናል» የሚለውም የቆየ ወሬ ነው፤ የክትባቱን ስም ብቻ እየለዋወጠ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ በካኖና በአካባቢዋ የፖሊዮ ጠብታ ያመክናል ተባለ። ያራገቡት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ የሃይማኖት መሪዎችና ሹማምንትም ነበሩበት፤ ይህን ስጽፍ እንደ አስተማሪ አፍራለሁ። በካኖ ክትባቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ ከአገር አገር ተሻገረ፤ በሱዳን በኩልም ወደ እኛ ገባ። የካኖን ወሬ ሰምታ የማታውቅ ኢትዮጵያዊት እናት የልጇ እግር ሲልመሰመስ አየች።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በሽታውን ያጠፋል የሚል ጽሑፍ ከማከብራቸው አንድ አባት ደርሶኝ ለሰንበት ተማሪዎቼ ላክሁት። አንድ ልጅ «መምህር፣ ይህን ማን አረጋገጠው?» ብሎ ጻፈልኝ። ተቆጣሁት። ሁለት ሳምንት ያህል ከኅሊናዬ ጋር ስሟገት ከረምሁና በጉባኤ መካከል ይቅርታ ጠየቅሁት።

እንግዲህ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽኝ፦ ልጅሽን መከልከልሽ ከፍርሃትና ካለማወቅ ነው፤ በዚህ አልጨክንብሽም። ሳታጣሪ ለሌላ ማስተላለፍሽ ግን አዎን፣ ኃጢአት ነው፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። መልእክቱን አጥፍቶ ዝም ማለትም ንስሐ አይሆንም። ዘኬዎስ የነጠቀውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ ከእንግዲህ አልነጥቅም ብሎ ብቻ አልተቀመጠም። ስለዚህ በዚያው ቡድን በራስሽ ድምፅ፣ ስምሽን ጠርተሽ «ተሳስቼ ነበር» በዪ፤ ወሬው የሄደው በድምፅ ነውና። ወደ ጎረቤትሽ ግን አትደውዪላት፤ በእግርሽ ሂጂ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ድረሱና የሚያስፈራችሁን ሁሉ ባለሙያዋን ፊት ለፊት ጠይቋት። ከተከተቡ በኋላ ክንዳቸውን ሊያማቸው፣ ትንሽም ሊያተኩሳቸው ይችላል፤ ይህንንም ለጎረቤትሽ አትደብቂያት።

የማኅበሩ እናቶች ቢቆጡብሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐፀዱ ጥላ ሥር አለሁ። ስልካቸውን ይዘው ይምጡ፤ ዶሮዋንም አብረን እንሰማለን።