መልስ፦ የኮሚክ መጽሔቱ ጄኤልኤ/አቬንጀርስ (የዲሲው ጀግኖች ቡድን ጄኤልኤ ከማርቭሉ አቬንጀርስ ጋር የሚገናኝበት) 2ኛና 4ኛ እትም የት ገባ?
«1ኛና 3ኛው ብቻ ነው የሚገኘው፤ ሌሎቹ አልታተሙም እንዴ?» ላልከው፦ ታትመዋል፣ ችግሩ ርዕሱ ነው። ሁለቱ የኮሚክ አሳታሚዎች ማርቭልና ዲሲ ኅትመቱን ስለተካፈሉ 1ኛውንና 3ኛውን ማርቭል «ጄኤልኤ/አቬንጀርስ»፣ 2ኛውንና 4ኛውን ዲሲ «አቬንጀርስ/ጄኤልኤ» ብለው አወጡ። ስለዚህ ስሙን ገልብጠህ ፈልግ። ሻጩ «ሙሉ ነው» ቢልህም የአራቱንም ሽፋን ፎቶ አስልከህ ቁጥሩን እይ።

በ2022 እ.ኤ.አ. በአንድ ጥራዝ የወጣው 7,000 ቅጂ ብቻ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። በ2003 እና 2004 የወጡትን ነጠላ እትሞች መልቀም ይሻላል። (ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ እኮ ይህን ግጥሚያ በ1983 መሳል ጀምሮ ነበር! ሁለቱ ቤቶች በታሪኩ ሳይስማሙ ቀርተው ሥራው ሃያ ዓመት ዘገየ።)