መልስ፦ ኦርጋን ብትማር ሒሳብ ይገባታል ወይ?
እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ ኦርጋን ብትማር ሒሳብ ይገባት እንደሆነ ጠይቀሻል፤ አባቷ ደግሞ ጥናት ያስፈታታል ብሎ ፈርቷል። ከላይ «የሞዛርትን ክላሲካል ሙዚቃ አሰሚያት፣ ጎበዝ ትሆናለች» ብሎ አስተያየት የሰጠሽን ተይው። የዚህ ወሬ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ጥናት ሞዛርትን ባደመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ውጤቱም ከሩብ ሰዓት አልዘለቀም።

መጫወት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ 6 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ለ15 ወራት ኪቦርድ (ኦርጋን መሳዩን) ተምረው አንጎላቸው በኤምአርአይ (የውስጥ አካል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ) ሲታይ፣ ጣትን የሚያዘው፣ ድምፅን የሚለየውና የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ክፍል ካልተማሩት ልጆች በተለየ መልኩ ተለውጦ ተገኝቷል። ለሒሳቡ ግን ብዙ አትጠብቂ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ 144 ልጆች ተፈትነው፣ ሙዚቃ የተማሩት አይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤት) በአማካይ 7 ነጥብ ሲጨምር የሌሎቹም 4 ነጥብ ያህል ጨምሯል። ልዩነቱ ይቺው ናት።

የእኔ ልጅ ክራር ነው የሚማረው። የድሬ ሙቀት ክሩን ያላላበታል፤ መጀመሪያ «አባ፣ ተበላሸ» እያለ ያመጣልኝ ነበር። አሁን ጆሮውን አስጠግቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ትዝታን ራሱ ይቃኛል። ሒሳቡ? እንደድሮው ነው።

ለአባቷ በቀን 20 ደቂቃ ብቻ በይው። ኦርጋኑንም ያገለገለ ፈልጊ።