ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፦ በውጭ ላላችሁ የድሬ ልጆች

ከድሬዳዋ ከወጣሁ 19 ዓመት ሆነኝ። አዲስ የሚመጡ ልጆችን ስቀበል ነው የኖርኩት፤ በግልጽ ብናገር አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ። በቃ።

2. ስልክ። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። አካውንታችሁ ከተጠለፈ በስማችሁ ብር የሚጠየቁት ድሬ ያሉ እናቶቻችሁ ናቸው።

3. የሰው ፎቶ። አቦ፣ ምን ነካችሁ? ሌሊት አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር በሚኖር ልጅ ላይ ትፈርዳላችሁ። ሲነጋ እናንተ ሥራ ትገባላችሁ፤ እሱ ከቤት መውጣት ይፈራል።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ሌሊት በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ፤ ባጃጁን ተደግፎ የቆመ ወጣት። ከሥሩ «ሱቅ ያቃጠለው ይሄ ነው» ይላል። ከየት እንደመጣ ሳላጣራ ሼር አደረግኩት። በማግስቱ እናቴ ደወለች። «ምነው ልጄ? የጎረቤታችን ልጅ እኮ ነው! ያን ቀን ለእኔ ውሃ ሲያመላልስ ነው የዋለው» አለችኝ። አገር ለቅቄ ስወጣ ሕፃን ነበር፤ አላወቅኩትም። ወዲያው አጠፋሁት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስክሪንሾቱ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከመጋላ ሰፈር ከዚራ ደርሷል። ልጁ ባጃጁን ሸጦ ጅቡቲ ገባ።

«የመናገር መብቴ ነው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ አለላችሁ። አንቀጽ 24 ደግሞ የዚያን ልጅ ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤትም በ2012 እ.ኤ.አ. ሰው ከኢንተርኔት ውጭ ያለው መብት ኢንተርኔት ላይም ይጠበቅ ብሎ ወስኗል። ዘር ቆጥራችሁ ጥላቻ ከጻፋችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል፣ ጥቃት ካስከተለ እስከ 5 ዓመት።

ግፍ አይታችሁ ዝም በሉ አላልኩም። ሊንኩንና ቀኑን ያዙ፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አመልክቱ። የተጎጂውን ፊት ሸፍኑ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዱ። ከተሳሳታችሁም አጥፍታችሁ አትጥፉ፤ እዚያው ገጽ ላይ ስህተታችሁን ጻፉ። የእኔን ክስ ከ300 በላይ ሰው ነው ያጋራው። ይቅርታዬን 4 ሰው። ስለዚህ በየወሩ ደግሜ እለጥፈዋለሁ።