መልስ፦ አቫንዛ ለምን የፊት ጎማ ነጂ ሆነ?

ወንድሜ፣ ስለ ቶዮታ የቤተሰብ መኪና፣ ስለ አቫንዛ፣ «የድሮው አቫንዛ በኋላ ጎማ ነበር የሚሄደው፣ አዲሱ ለምን በፊት ሆነ? ተበላሸ ወይ?» ላልከው፣ አልተበላሸም። ግን የተተወ ነገር አለ። በኋላ ጎማ መሄድ ማለት የሞተሩ ኃይል የኋላ ጎማዎችን ሲያዞር ነው፤ በፊት ጎማ ደግሞ የፊቶቹን።

አቫንዛ የተወለደው ኢንዶኔዥያ ነው፣ በ2003 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ። ቶዮታና ዳይሃትሱ አብረው ሠሩት፤ የዳይሃትሱ መንትያው ዜኒያ ይባላል። እዚያ አገር ቤተሰብ ሲንቀሳቀስ አያትም፣ የአክስት ልጅም አብሮ ነው። በዒድ ሰሞን ደግሞ ከጃካርታ ወደ ትውልድ መንደር ይጎርፋል። መኪናው ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ዳገት መውጣት ነበረበት። መኪና ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ መሬቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ለዚህ ነው ያን ጊዜ የኋላውን የመረጡት። በጣም ትክክል ነበሩ።

ሁለተኛው ትውልድ በ2011 ወጣ፤ አካሄዱ ያው ነው። ከዚያ በ2017 ሚትሱቢሺ ኤክስፓንደር መጣ። በፊት ጎማ የሚሄድ፣ ሰፊና ምቹ። ገበያው ተናወጠ።

ስለዚህ በ2021 ሦስተኛው አቫንዛ በአዲስ መሠረት ተሠራ። ወደ ኋላ ኃይል የሚወስደው ረጅም ዘንግ ቀረ። ወለሉ ዝቅ ብሎ የውስጥ ቦታው ሰፋ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም ከ2,655 ወደ 2,750 ሚሊ ሜትር አደገ። 

እኔን ብትጠይቀኝ፣ ለከተማና ለአስፋልት አዲሱን ውሰድ። ሁሌ ሞልተህ ኮረኮንች ዳገት የምትወጣ ከሆነ ግን ደህና የተያዘ የ2011ዱን ትውልድ ፈልግ።