ቡብካ በሄልሲንኪ፣ 1983

ምርኩዝ ዘላዩ ሰርጌይ ቡብካ ሄልሲንኪ ላይ ሲያሸንፍ ስመ ጥር ነበር ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ ኧረ ገና ነበር! ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1983 የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነው። ልጁ 19 ዓመቱ ነበር። የተወለደው ዩክሬን፣ ሉሃንስክ ሲሆን የሚወዳደረው ለሶቭየት ኅብረት ነው። በምርኩዝ ዝላይ 5.70 ሜትር ዘሎ ወርቁን ወሰደ።

«እኩል ዘለው እንዴት ሁለተኛና ሦስተኛ ተባሉ?» ላልከው ደግሞ፣ ኮንስታንቲን ቮልኮቭም ቡልጋሪያዊው አታናስ ታሬቭም የዘለሉት 5.60 ነበር። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ በመጨረሻው ባለፉት ከፍታ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳቱ ይታያል። እዚያም እኩል ከሆኑ፣ እስከዚያ የሳቱት በሙሉ ይደመራል። ትንሽ የሳተው ይበልጣል። ለዚህ ነው ዘላዮች በዝቅተኛው ከፍታ ላይ እንኳ ሙከራ ማባከን የማይወዱት። የብር ሜዳሊያው ለቮልኮቭ ደረሰ።

5.70 ዛሬ ትንሽ ሊመስልህ ይችላል። እንዲመስለን ያደረገው ግን ራሱ ቡብካ ነው። በ1985 ፓሪስ ላይ 6 ሜትርን የዘለለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የዓለም ሻምፒዮናውንም እስከ 1997 ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ።

በነገራችን ላይ የኛው ከበደ ባልቻ በማራቶን ከአውስትራሊያዊው ዴ ካስቴላ ቀጥሎ ገብቶ ብር ያመጣልን በዚሁ ሻምፒዮና ነው።